«ቁም ሣጥኔም ፍሪጄም ሞልቷል፤ ገንዘቡ ግን የለም»

ጥያቄ፦ «ባለቤቴም እኔም ሥራ አለን። ገቢያችን የሚናቅ አይደለም። ግን ወሩ ሳይጋመስ እጃችን ባዶ ይሆናል። ቁም ሣጥኔ ከመሙላቱ የተነሳ በሩ አይዘጋም፤ ጠዋት ጠዋት ግን የምለብሰው አጣለሁ። የገዛሁት አትክልት ሳልነካው ፍሪጅ ውስጥ ይበሰብሳል። ቀለል ያለ ኑሮ መኖር እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ግን ቁጠባ ሲባል ከልጆች አፍ መንጠቅ ይመስለዋል። ከየት ልጀምር? ደግሞስ የልብስ ስፌት ማሽን ብገዛ ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ የቤት አያያዝና የቤተሰብ በጀት ሙያዬ ነው፤ አስተምረዋለሁ፣ ቤተሰቦችንም አማክርበታለሁ። ስለዚህ መልሱን ከፊት ላስቀምጥልሽ። ከኩሽና ጀምሪ። ቁም ሣጥኑ ይቆይ። ለመጀመሪያው አንድ ወር ደግሞ ከቤትሽ ምንም ዕቃ አውጥተሽ አትጣይ።

የመጨረሻው ሳይገርምሽ አይቀርም። ቀለል ያለ ኑሮ ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዕቃ ማስወገድን ነው። አንድ ቅዳሜ ከረጢት ይይዝና ቤቱን ያራግፋል። ቤቱ ይሰፋል፣ ልብም ቅልል ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን የተሰጠው ጃኬት ያስፈልጋል፣ የተጣለው ድስት ይፈለጋል። እንደገና ይገዛል። ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው።

ቤትሽ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ገንዘቡ ወጥቶበታል። የእኔ እምነት ይሄ ነው፦ ቁጠባ ከሁሉ በፊት የተከፈለበትን ነገር እስከ መጨረሻው መጠቀም ነው። በርካሽ መግዛት፣ ጥቂት መግዛት፣ ጭራሽ አለመግዛት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ለምን ከኩሽና? ልብስ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚገዛው። ምግብ ግን በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይገዛል። ኩሽና ውስጥ ዛሬ ያስተካከልሽው ነገር በሳምንቱ ውጤቱ ይታያል። ሌላው ምክንያቴ ባለቤትሽ ነው። ቁጠባ ከልጆች አፍ መንጠቅ የሚመስለው ሰው በቃል አይረታም። ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ልጆቹ አፍ ሳይሆን ወደ ቆሻሻ ቅርጫት መሆኑን በዓይኑ ሲያይ ግን ነገሩ ይለወጣል።

የአንቺ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስልሽ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በ2022 በዓለም ዙሪያ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የባከነው በየሰዉ ቤት ነው። ሆቴሎችና ሱቆች ተደምረው እንኳ ከመኖሪያ ቤት ያነሰ ነው የጣሉት። ብዙ ሰው የሚገምተው በተቃራኒው ነው።

እንግዲህ ሥራው እንዲህ ይጀመራል። ፍሪጅ በር ላይ ወረቀት ለጥፊ። ለአንድ ሳምንት ከምግብ የተጣለውን ሁሉ ጻፊበት። ምን ተጣለ? ለምን ተጣለ? በቃ፣ ሁለት ነገር ብቻ። «ግማሽ ጎመን፤ ረስቼው።» «ሩዝ፤ በዝቶ ተቀቅሎ።» ማንንም አትውቀሺ፣ አትቆጪ። ባለቤትሽም ልጆቹም ይጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ምክንያቶቹን ስታያቸው ሦስት ሆነው ታገኛቸዋለሽ፦ ከልክ በላይ ተገዝቷል ወይም ተበስሏል፣ ተረስቷል፣ አለቦታው ተቀምጧል።

የሦስተኛው መፍትሔ ከሁሉም ቀላል ነው፤ ስለዚህ እሱን በደንብ ላስረዳሽ።

ቲማቲም፣ ሙዝ፣ ፖም፣ አቮካዶና ማንጎ ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ይህ ጋዝ አጠገባቸው ያለውን ሌላ አትክልትም ያበስለዋል፣ ያስረጀዋል። ቅጠላ ቅጠል ቶሎ ይወይባል። ካሮት ይመርራል። ስለዚህ ፖምና ጎመን በአንድ መሳቢያ አይቀመጡም። በሌላ በኩል ያልበሰለ አቮካዶ ቶሎ እንዲደርስልሽ ከፈለግሽ ከሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ጠቅልዪው። ጉዳት የነበረው ጋዝ አሁን ጥቅም ይሆናል።

ድንችና ሽንኩርት አብረው አይቀመጡም። ድንች እርጥበት ይለቃል፣ ሽንኩርት ደግሞ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ድንች ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል። ያ አረንጓዴ ቀለም ሶላኒን የሚባል መርዛማ ነገር አብሮት እንደጨመረ ምልክት ነው፤ ስለዚህ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ደግሞ ስታርቹ (ዱቄታማው ክፍሉ) ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ሲጠበስም ቶሎ ይጠቁራል። ካሮት ቅጠሉ ተቆርጦለት ነው የሚቀመጠው፤ ቅጠሉ ውኃውን ይመጠዋልና። ጎመንና ሰላጣ ሳይታጠቡ በደረቅ ጨርቅ ተጠቅልለው ቢቀመጡ ይሻላል። ካጠብሻቸው በደንብ ይድረቁ።

ዳቦን ፍሪጅ ውስጥ አታስቀምጪ። እንዳይደርቅ ብለን የምናስገባው ነገር እዚያ ነው ቶሎ የሚደርቀው። ስታርቹ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ይበልጥ ይጠነክራል። በሁለት ቀን የማይበላ ዳቦ ተቆራርጦ ፍሪዘር ይግባ፤ የሚበላውን ያህል እያወጡ ማሞቅ ነው።

ፍሪጁ ራሱ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሆን የለበትም፤ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ይሁን። በሩ ላይ ያለው መደርደሪያ በየጊዜው ስለሚከፈት ከሌላው ክፍል ይሞቃል። ወተት እዚያ አይቀመጥም። እዚያ የሚሆነው የታሸገ ስጎና መጠጥ ነው።

ለሚረሳው ምግብ አንድ መደርደሪያ ለዪ። ዓይን የሚያርፍበት ከፍታ ላይ ያለው ይሁን። «መጀመሪያ የሚበላ» ብለሽ ጻፊበት። የተጀመረ ሁሉ፣ ሊበላሽ የደረሰ ሁሉ እዚያ ይቀመጣል። ምሳ ወይም እራት ለመሥራት ስታስቢ መጀመሪያ የምትከፍቺው እሱን ነው። የብዙ ቤት ልማድ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የምግቡን ዓይነት ይወስናል፣ ከዚያ የጎደለውን ሊገዛ ይወጣል። አንቺ ግን መጀመሪያ ያለውን እዪ፣ ከዚያ ምን እንደሚሠራ ወስኚ። ወደ ገበያ የምትሄጂው ያለውን የሚያሟላ ነገር ለመግዛት ብቻ ይሁን።

የተረፈ ምግብ ላይ ግን ጥንቃቄ አለ። ሆስፒታል የሚያስገባ ቁጠባ ቁጠባ አይደለም። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ስለዚህ የተረፈ ምግብ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ብዙ ከሆነ በትንንሽና ጠለቅ ባላለ ዕቃ አከፋፍዪው፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይበላ። ሲሞቅ እንፋሎት እስኪያወጣ ድረስ በደንብ ይሙቅ። ሩዝ ለብቻው ማስጠንቀቂያ ይገባዋል። ሩዝ ላይ ያለ አንድ ባክቴሪያ ሲቀቀልም አይሞትም። የተቀቀለው ሩዝ ውጭ ካደረ መርዝ ይሠራል፣ መርዙ ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም። ውጭ ያደረ ሩዝ ይጣል። እዚህ ላይ አትሳሺ።

እሽግ ላይ የሚጻፈውን ቀንም አስተውዪ። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «እስከዚህ ቀን ጥራቱን እንደጠበቀ ይቆያል» የሚል ነው። ቀኑ ቢያልፍም ደረቅ ሩዝ ወይም ፓስታ ወዲያው አይበላሽም፤ አይተሽ፣ አሽትተሽ መወሰን ትችያለሽ። ሌላው «ከዚህ ቀን በፊት ተጠቀም» የሚለው ነው። ሥጋና ዓሣ በመሳሰሉት ላይ ይጻፋል። እሱ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ አይታለፍም።

አሁን ወደ ምድጃው። የፈላ ውኃ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብትጨምሪበት ሙቀቱ አይጨምርም። በባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ ነው፣ ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። በኃይል ሲንተከተክ ቶሎ የሚበስል ይመስለናል እንጂ የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዴ ከፈላ እሳቱን ቀንሺ፣ ክዳኑን ግጠሚ። ክዳን በነፃ የተገኘ ማገዶ ነው።

ጥራጥሬ የቆጣቢ ቤት ምሰሶ ነው ብል አላጋንንም። ርካሽ ነው፣ ገንቢ ነው፣ ለወራት ይቀመጣል። ሰው የሚሸሸው ረጅም ሰዓት ስለሚፈጅ ነው። መፍትሔው ሌሊቱን መዘፍዘፍ ነው። በመዘፍዘፊያው ውኃ ላይ ጨው ጨምሪበት፣ ቆዳው ይለሰልሳል። ቲማቲምና ሎሚ ግን ጥራጥሬው በደንብ ከበሰለ በኋላ ነው የሚገቡት፤ አሲድ ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ፕሬዠር ድስት ካለሽ ውስጡ ወደ 120 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሰዓቱ በጣም ያጥራል። ከፍታ ቦታ ለሚኖር ሰው ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ለቆጣቢ ቤት አንድ የኩሽና ዕቃ ብቻ ምረጪ ብባል እሱን ነው የምመርጠው። ቀዩን ቦሎቄ በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በዪ። በጥሬነቱ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ መርዝ አለው። ዘፍዝፊው፣ ውኃውን ድፊው፣ በአዲስ ውኃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በኃይል ይንተክተክ፣ ከዚያ በቀስታ ይብሰል። እዚህ ላይ እሳት አትቆጥቢ፤ ሳይፈላ ለብ ባለ ሙቀት ቢቆይ ይብሳል።

በብዛት መግዛት ርካሽ ነው ይባላል። ለደረቅ ነገርና ለሳሙና እውነት ነው። ለሚበላሽ ነገር ግን ሳይበላሽ በልተሽ ካልጨረስሽው ቅናሹ የለም። ወረቀትሽን እዪ፤ የትኛውን በብዛት መግዛት እንደማያዋጣሽ እሱ ይነግርሻል።

ስለ ልጆቹም እንዲሁ። ትንሽ አቅርቢ፣ ሲፈልጉ ይጨመርላቸው። ሰሃን ላይ የቀረው ምግብ ለሌላ ጊዜ አይሆንም፤ ድስት ውስጥ የቀረው ግን ይሆናል። ማንም ከአፉ አልተነጠቀም።

ወሩ ሳይጋመስ ገንዘቡ ማለቁ ላይ አንድ ቀላል ነገር አለ። ደሞዝ በገባ ቀን የምግቡን ድርሻ ለይተሽ በሳምንታቱ ቁጥር ከፋፍዪው። በየፖስታው አስቀምጪ፣ ወይም በሌላ የባንክ ሒሳብ። የአንድ ሳምንት ካለቀ ወደሚቀጥለው አይነካም፤ ያን ጊዜ ጓዳውን ትፈትሺያለሽ። ብዙ ጊዜ ጓዳ ውስጥ የሚበላ ነገር አይጠፋም።

ወሩ አለፈ እንበል። አሁን ቁም ሣጥኑን ክፈቺ።

«የምለብሰው አጣለሁ» ያልሽው እውነት ነው፤ አምንሻለሁ። ብዙ ልብስ ያላት ሴት የምትለብሰው የምታጣው ልብሶቹ እርስ በርስ ስለማይገጥሙ ነው። አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱ ለብቻው አምሮ ነው የተገዛው። ሸሚዙ ያምራል፣ ግን ከየትኛው ሱሪ ጋር? ቀሚሱ ያምራል፣ ግን የሚሄድለት ጫማ የለም። ከዚያ ለሸሚዙ ሲባል ሱሪ፣ ለቀሚሱ ሲባል ጫማ ይገዛል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ18ኛው መቶ ዘመን የኖረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዲድሮ አንድ ያማረ አዲስ የቤት ካባ ተሰጠው። ከካባው አጠገብ የቀረው ዕቃው ሁሉ አሮጌ መሰለው። ወንበሩን ቀየረ፣ ጠረጴዛውን ቀየረ፣ የግድግዳውን ጌጥ ቀየረ። በኋላ አሮጌ ካባውን እየናፈቀ ጽፏል። «የአሮጌው ካባዬ ጌታ ነበርኩ፣ የአዲሱ ግን ባሪያ ሆንኩ» የሚል ሐሳብ ነው ያለው። ካናዳዊው የሥነ ሰብ ተመራማሪ ግራንት ማክራከን እ.ኤ.አ. በ1988 ይህን አንዱ ግዢ ሌላውን የሚጠራበትን ነገር በዲድሮ ስም ሰየመው። ስለዚህ አዲስ ልብስ ስታነሺ ዋጋው የተለጠፈው ብቻ እንዳይመስልሽ። የሚጠራቸውንም ተከታዮች አስቢ። እኔ የምሰጠው መመዘኛ ይሄ ነው፦ አሁን ካሉሽ ልብሶች ቢያንስ ከሦስቱ ጋር የማይሄድ ልብስ ይቅርብሽ።

ቁም ሣጥኑን ለማየት ሁሉንም አልጋ ላይ ዘርግፊ። ባለፈው ወር የለበስሻቸውን መልሰሽ ስቀዪ። የቀረውን እያንዳንዱን አንስተሽ «ለምን አልለበስኩህም?» በዪ። አንዳንዱ ቁልፉ ወልቋል፣ ዚፑ ተበላሽቷል፣ ጠርዙ ተተርትሯል። ይሄ ክምር ሀብትሽ ነው፤ የሚያንሰው መርፌና ክር ብቻ ነው። አንዳንዱ የሚሄድለት የለውም። አንዳንዱ አይሆንሽም። አንዳንዱ ደግሞ የማትኖሪው ኑሮ ልብስ ነው፤ ለማትሄጂበት ግብዣ፣ ለማትሠሪው ስፖርት የተገዛ። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ አሁን ሊሰጡ ይችላሉ። ወሩ አልፏል፣ በማስተዋል ነው የምትሰጪው።

አሁን ሰው ወደማያስተውለው ነገር ልምጣ። ልብስን የሚጨርሰው መልበስ ብቻ አይደለም፤ አጠባም ይጨርሰዋል። ልብስ ማድረቂያ ማሽን ያለው ሰው በየጊዜው ከማጣሪያው የሚያወጣውን ብናኝ ይመልከት፤ የልብሱ ክር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ አጠባ ቀንሺ። አንዴ የተለበሰ ጂንስና ሹራብ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። አየር ላይ ስቀዪው፣ ነጠብጣብ ካለበት እሱን ብቻ አጽጂ። የውስጥ ልብስ፣ ካልሲና ሰውነት የሚነካው ከነቴራ ግን በየቀኑ ይታጠብ። ለተራ ቆሻሻ 30 ዲግሪ በቂ ነው። በሞቀ ውኃ ሲታጠብ ማሽን ከሚፈጀው ኤሌክትሪክ አብዛኛው የሚውለው ውኃውን ለማሞቅ ነው። ልብሱን ገልብጠሽ እጠቢ፣ ዚፑን ዝጊ፣ ጥቁሩን ጥላ ላይ አስጪ። ሳሙና ከታዘዘው በላይ አትጨምሪ፤ ያልታጠበ ሳሙና ክሩ ውስጥ ቀርቶ ቆሻሻ ይይዛል። ማለስለሻም ለፎጣ አይሆንም። ክሩን ስለሚለብጠው ፎጣው ውኃ መምጠጥ ይተዋል።

ነጠብጣብ ላይ ብዙ ጥሩ ልብስ ያለጊዜው ይሞታል። ደም፣ ወተት፣ እንቁላል በቀዝቃዛ ውኃ ነው የሚለቀው። ሙቅ ውኃ ከነካው ይረጋል፣ ልክ እንቁላል መጥበሻ ላይ እንደሚረጋው። ዘይት ከሆነ ውኃ ሳይነካው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቀቢው፣ ትንሽ አቆይተሽ እጠቢው። ነጠብጣቡ ሳይለቅ ካውያ አታስነኪው፤ ከዚያ በኋላ የሚለቅ እንዳይመስልሽ።

ሱፍ ሙቅ ውኃና መታሸት አይወድም። የሱፍ ክር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነገር አለ። ሲሞቅና ሲታሽ ቅርፊቶቹ ይጠላለፋሉ፣ ልብሱም ተኮማትሮ ይቀራል። በረኪና ለሱፍና ለሐር ጭራሽ አይሆንም፤ ክሩን ራሱን ያሟሟዋል። የሚለጠጥ ልብስም በበረኪናና በሙቀት ይለግማል። በረኪናን ከአቼቶ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅዪ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ይጎዳል፣ ሊገድልም ይችላል። ይሄ ለኩሽናም ለመታጠቢያ ቤትም ነው።

ሹራብ ታጥፎ ይቀመጥ፤ ከተሰቀለ ትከሻው ይወርዳል። ሱፍ ለወራት ሲቀመጥ ታጥቦ ይቀመጥ። ብል ላብና የምግብ ነጠብጣብ ያለበትን ሱፍ ነው ይበልጥ የሚወደው። ብል የገባበትን ልብስ በላስቲክ ጠቅልለሽ ለ2 ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ብታቆዪው ብሉም ዕንቁላሉም ይሞታሉ።

አዲስ ልብስ መግዛት ግድ ሲሆንስ? እዚህ ላይ ርካሹን አልመክርሽም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሪታንያ ልብስን በኩፖን ታድል ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1941 ሲጀመር ለአንድ አዋቂ ሰው ለዓመት የተሰጠው 66 ኩፖን ነበር። እደላው እስከ 1949 ዘለቀ። ኩፖኑ የሚቆረጠው በልብሱ ዓይነት እንጂ በዋጋው አልነበረም። ደካማው ኮትም ጠንካራው ኮትም እኩል ኩፖን ይበላል። ስለዚህ አቅም ያለው ሰው ጠንካራውን ነበር የሚመርጠው። አንቺም እንዲህ አስቢ፤ በዓመት ጥቂት ልብስ ብቻ ነው የምገዛው ካልሽ ዋጋውን ለብሰሽው በምትቆዪው ጊዜ ነው የምታካፍዪው። ውድ ማለት ግን ጠንካራ ማለት አይደለም። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሺው፤ እንደ ወንፊት የሚያሳይ ከሆነ ቶሎ ያልቃል። ስፌቱን ወደ ሁለት ጎን ሳብ አድርጊው፤ ክፍተት ከታየ ይተረተራል። ውስጡን ገልብጪ፤ ከስፌቱ አልፎ የተረፈ ጨርቅ ካለ ወደፊት ማስፋት ይቻላል። የልጆች ልብስ ላይ ጠርዙ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፤ በየዓመቱ ይፈታል። ሌላ ሰው የለበሰው ጥሩ ልብስም አይናቅ። ታጥቦ ታጥቦ ቅርጹን የጠበቀ ልብስ ፈተናውን አልፏል።

ባለቤትሽን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። መጀመሪያ የማይነካውን አብራችሁ ወስኑና ጻፉት፦ የልጆች ምግብ፣ ሕክምና፣ ለእግር የሚመች ጫማ። እነዚህ ላይ ቁጠባ የለም ብለሽ በግልጽ ንገሪው። ሁለተኛ ለእሱም ለአንቺም በወር ማንም የማይጠይቅበት ትንሽ የኪስ ገንዘብ መድቡ። ሁሉ ነገር የሚመዘንበት ቤት ያስጨንቃል፣ የሚያስጨንቅ ነገር ደግሞ አይዘልቅም። ከኩሽናው የተረፈውን ገንዘብ ወዲያው ከሌላው አትቀላቅዪው። ለብቻው ይቀመጥ፣ ሲያድግ እሱም ይየው።

የስፌት ማሽኑ ላይ መልሴ «ገና ነው» የሚል ነው። ያ የተበላሸው ልብስ ክምር አለ አይደል? አብዛኛው የሚፈልገው የእጅ ስፌት ነው። ሦስት ነገር ተማሪ፦ ቁልፍ መትከል፣ የተተረተረ ስፌት መመለስ፣ ጠርዝ ማጠፍ። ቁልፍ ስትተክዪ በጨርቁና በቁልፉ መሃል ትንሽ ክፍተት ተዪ፣ ክሩን ዙሪያውን ጠቅልዪበት፤ ካልሆነ ስትቆልፊው እየተጎተተ ይበጠሳል። ለስፌት መመለሻ ክሩን ወደ ኋላ እየመለስሽ የምትሰፊው ጥልፍ ከሁሉም ይጠነክራል። ቀዳዳ ሳይሰፋ በጊዜ ያዢው። የሱሪ ጉልበት ወይም ክርን ሳስቶ ብርሃን ማሳየት ሲጀምር ከውስጥ ጨርቅ ለጥፊበት፤ ከተቀደደ በኋላ ሥራው ብዙ ነው። መጣፊያው ጨርቅ ከልብሱ ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፣ አስቀድሞም ይታጠብ። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ከተኮማተረ ልብሱን ይጎትተዋል።

ክምሩን በእጅሽ ከጨረስሽ በኋላ የቀረውን ቁጠሪ። የተቀደደ አንሶላ፣ የሚጠብ ቀሚስ፣ መጋረጃ፣ የልጆች ሱሪ በየጊዜው የሚመጣ ከሆነ ማሽን ያዋጣሻል። መጀመሪያ ግን ከምታውቂው ሰው ተውሰሽ ለጥቂት ጊዜ ሞክሪው። ወደሽው ከቀጠልሽ ያገለገለ፣ ቀጥ ያለና ዚግዛግ ስፌት ብቻ የሚሰፋ ማሽን ግዢ። ብዙ ዓይነት ጥልፍ የሚያወጣው ለቤት ጥገና አያስፈልግም። ሳትገዢው የራስሽን ወፍራም ጨርቅ፣ ለምሳሌ የጂንስ ጠርዝ፣ ይዘሽ ሂጂና አራት ድርብ አጥፈሽ አሰፊው። ያንን ካልሰፋ ተዪው።